የፌንጣ እርባታ

የፌንጣ እርባታ ፌንጣን ወይም የቅርብ ዘመዱን አንበጣን በሣጥን ውስጥ እያራቡ፣ ነፍሳት ለሚበሉ እንስሳት፣ በተለይም በቤት ለሚያዙ እንሽላሊቶችና እስስቶች መኖ ማድረግ ነው። በአውሮፓ የበረሃ አንበጣ ለዚሁ ተግባር በቤት እንስሳት መሸጫዎች ይሸጣል። ተመራጭ ያደረገው እንቁላሉ ወቅት ሳይጠብቅ መፈልፈሉ ነው፤ የብዙ ፌንጣዎች እንቁላል ግን ዝናብ እስኪመጣ ድረስ አፈር ውስጥ ይቆያል።

በኢትዮጵያ ይኸው አንበጣ የሚታወቀው በአጥፊነቱ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በሰሜንና በምሥራቅ የአገሪቱ ክፍሎች ሰብልና ግጦሽ አውድሟል። ስለዚህ እዚህ ለማርባት የአካባቢን ፌንጣ መያዝ ይሻላል፤ ቢያመልጥ እንኳ አዲስ ተባይ አይሆንም።

አያያዝ

ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ነው። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ አሸዋ የተሞላ ጣሳ ይቀመጣል። የበረሃ አንበጣ እንቁላል በሙቅ ቦታ በ2 ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ክንፍ ያላወጣው ግልገል ኩብኩባ ይባላል፤ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ጊዜ ቆዳውን ይገፍፋል።

ዋናው ችግር ብርድ ነው። የነፍሳት ሰውነት የራሱን ሙቀት አይጠብቅም፤ የበረሃ አንበጣ በደንብ የሚበላውና የሚያድገው ቀን ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ነው። ደብረ ታቦርና አጠገቧ ያለው ጋፋት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ስለሚጠጉ የክፍሉ አየር ብቻውን አይበቃም። በሣጥኑ አናት ላይ ሙቀት የሚሰጥ አምፖል ይሰቀላል (ጭድ በተጠቀጠቀበት ድርብ ሣጥን ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም)። ሌሊት መብራት ቢጠፋ ወዲያው አያልቁም፤ ቀን ካልሞቃቸው ግን መብላትም ማደግም ያቆማሉ።

ለመኖ ሰርዶ፣ ፉርሽካና ለብቅል እንደሚደረገው ተነክሮ የበቀለ ገብስ ይሰጣቸዋል። ሣር ትኩስ ከሆነ ለብቻ ውኃ አያስፈልግም፤ የተረፈው ካልተነሣ ይሻግታል።

መጨናነቅ

ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 እ.ኤ.አ. ብቸኛና መንጋ ሆነው የሚታዩት አንበጣዎች የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች መሆናቸውን አሳየ። ለውጡን ከሚቀሰቅሱት አንዱ የኋላ እግሮቻቸው መነካካት ነው፤ ጠባዩ በጥቂት ሰዓታት ይለወጣል፣ ቀለሙ ግን ቀስ ብሎ ይከተላል። የተጨናነቀ ሣጥን ከዚህም ሌላ ጣጣ አለው፦ የተራቡት ቆዳውን ሊገፍፍ የተንጠለጠለውን ይበሉታል።

ጥንቃቄ

የአንበጣ መንጋ የሚከላከሉት ፀረ ተባይ በመርጨት ስለሆነ፣ ከሜዳ የተለቀመ አንበጣን ለእንስሳ መስጠት አደገኛ ነው፤ ለዶሮም ቢሆን። ፌንጣ ካልሲየም ስለሚያንሰው ከመሰጠቱ በፊት የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ካልሆነ የእስስቱ አጥንት እየለሰለሰ ይጣመማል። ለረጅም ጊዜ አንበጣ የሚያረቡ ሰዎች በኩስና በቆዳ ብናኝ ምክንያት አስም ሊይዛቸው ስለሚችል፣ ሣጥኑ መኝታ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።