ትንሿ የፒክሳር መብራት

ነጣ ባለ መደብ ላይ የፒክሳርን ስም የሚሠሩት አምስት የላቲን ፊደላት ተሰልፈው ቆመዋል። ከቀኝ በኩል አንዲት የጠረጴዛ መብራት እየዘለለች ትመጣለች። በዘለለች ቁጥር ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛዋ ፊደል፣ «አይ»፣ ዘንድ ስትደርስ ቆም ብላ ታያታለች፤ ከዚያም ላይዋ ላይ ወጥታ ደጋግማ ትረግጣታለች። ፊደሏ ትጨማደዳለች፤ በመጨረሻም ከወለሉ ጋር ትጣበቃለች። መብራቷ በፊደሏ ቦታ ቆማ ዙሪያዋን ትቃኝና አንገቷን መለስ አድርጋ ብርሃኗን ቀጥ አድርጋ ወደ ተመልካቹ ትልካለች። የአኒሜሽን ኩባንያው ፒክሳር ፊልሞቹን የሚከፍትበት ይህ አርማ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

በሌሎች የፊልም ኩባንያዎች አርማ ላይ የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር አንበሳ ያገሣል፤ የፓራማውንት ተራራ በከዋክብት ይከበባል፤ የዩኒቨርሳል ሉል ይሽከረከራል። እነዚህ አርማዎች የባለቤታቸውን ግርማ ያውጃሉ። የፒክሳር አርማ ግን ታሪክ ይነግረናል፦ አንዲት ገጸ ባሕርይ መጣች፣ አንድ ነገር ፈለገች፣ አደረገችው፣ ከዚያም ሥራዋን ያየባት እንዳለ ዞር ብላ አየች። ትልቅነቱም እዚህ ላይ ነው።

መብራቷ የተወለደችው አርማ እንድትሆን ታስቦ አይደለም። በ1986 መጀመሪያ ላይ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቲቭ ጆብስ የሉካስፊልምን የኮምፒውተር ክፍል ገዝቶ ፒክሳር የተባለ ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረገው። ሠራተኞቹ 40 ያህል ነበሩ፤ ዋና እንጀራቸውም ፊልም ሳይሆን ለምስል ሥራ የሚያገለግል ውድ ኮምፒውተር መሸጥ ነበር። ከመካከላቸው ቀደም ሲል በዲስኒ በእጅ የሚሳል አኒሜሽን የሠራው ጆን ላሴተር ይገኝበታል። ላሴተር በኮምፒውተር ቅርጽ መሥራትን ሲለማመድ አጠገቡ የነበረውን ነገር መረጠ፤ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ሉክሶ መብራት።

ሉክሶ የራሱ ታሪክ አለው። የመኪና ሞላ ያጠና የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆርጅ ካርዋርዲን በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሞላ ሚዛኑን የሚጠብቅ፣ ወደፈለጉት አቅጣጫ ሲያጥፉት ባለበት የሚቆይ የመብራት ክንድ ፈለሰፈ። ኖርዌያዊው ያክ ያኮብሰን ደግሞ በ1937 ከዚሁ ሐሳብ ተነሥቶ ሉክሶን ሠራ። እንግዲህ መብራቱ ገና ከጅምሩ እግር፣ ክንድና አንገት የመሰለ ነገር ነበረው፤ ሞላዎቹም እንደ ጡንቻ ይሠራሉ።

ላሴተር የመጀመሪያ ሙከራዎቹን ለቤልጂየማዊው የአኒሜሽን ባለሙያ ራውል ሰርቬ ሲያሳየው፣ ሰርቬ ፊልም የቱንም ያህል ቢያጥር መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሊኖረው ይገባል አለው። ላሴተር ለታሪክ ጊዜው አይበቃም ብሎ ቢከራከርም፣ ሰርቬ በ10 ሰከንድም ታሪክ መናገር ይቻላል ብሎ መለሰለት። የዛሬውን አርማ ስመለከት ይህ ምክር ይታየኛል።

ሁለተኛው መነሻ የሥራ ባልደረባው ሕፃን ልጅ ነበር። ላሴተር ሕፃኑ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ እጅና እግሩ አጭር መሆኑን አስተዋለና መብራት ሕፃን ቢሆን ምን ይመስላል ብሎ ጠየቀ። ዝም ብሎ ትልቁን መብራት አላሳነሰውም። ክንዶቹን አሳጠረ፣ ቆቡን ቀነስ አደረገ፤ የሞላዎቹን ርዝመት ቢቀንስም ውፍረታቸውን አልነካም። አምፖሉንም በትልቁ መብራት ልክ ተወው፤ አምፖል ከሱቅ የሚገዛ እንጂ ከመብራቱ ጋር የሚያድግ ነገር አይደለምና። ትንሿን መብራት ገና ስናያት ልጅ መሆኗ የሚገባን በዚህ ምክንያት ነው።

ቀሪውን የሠራው እንቅስቃሴዋ ነው። ዓይንም አፍም የላትም። ልትዘል ስትል አስቀድማ ወደ ታች ታጠፍ ትላለች፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ ሐሳቧን ያውቃል። አካሏ ብረት ስለሆነ እንደ ጎማ ሊለጠጥ አይችልም፤ ስለዚህ መሰብሰቡንም መዘርጋቱንም መጋጠሚያዎቿ ይሠሩላታል። ስታዝን ቆቧ ያቀረቅራል፤ ስትደነቅ ቀና ይላል። እነዚህ በእጅ ሲሳል የኖረው አኒሜሽን የደረሰባቸው ሕጎች ናቸው። ላሴተር ለኮምፒውተርም እንደሚሠሩ አሳየ፤ በ1987ም ስለዚሁ ጉዳይ የጻፈው ጥናት ለሙያው መማሪያ ሆነ።

«ሉክሶ ጁኒየር» የተባለው የሁለት ደቂቃ ያህል ፊልም በነሐሴ 1986 በዳላስ ከተማ በሲግራፍ የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ላይ ታየ። ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ከኋላ ያለውም ጨለማ ብቻ ነው። አንድ ወላጅ መብራትና በኳስ የምትጫወት ልጁ አሉ፤ በቃ። ሁለቱ መብራቶች እየተንቀሳቀሱ እርስ በርስ ጥላ መጣላቸው በዚያን ጊዜ ትልቅ የቴክኒክ ድል ነበር። ከዝግጅቱ በኋላ ስመ ጥሩው የኮምፒውተር ግራፊክስ ሊቅ ጂም ብሊን ጥያቄ አለኝ ብሎ ወደ ላሴተር ቀረበ። ላሴተር ስለ ጥላው ስሌት ሊጠይቀኝ ነው ብሎ ሠጋ። ብሊን ግን የጠየቀው ትልቁ መብራት እናት ነው ወይስ አባት ብሎ ነበር። ላሴተር ፊልሙ ግቡን እንደመታ ያን ጊዜ ተረዳ፤ በአዳራሹ ካሉት ሁሉ ስለ ስሌቱ ይበልጥ የሚያውቀው ሰው ስሌቱን ረስቶ ስለ ቤተሰቡ አስቧልና።

ፊልሙ ለኦስካር ታጨ፤ በኮምፒውተር ተሠርቶ ለዚህ ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው አጭር የአኒሜሽን ፊልም ሆነ። በ1995 ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ቶይ ስቶሪ» ሲወጣ፣ መብራቷ በአርማነት ቀድማ ብቅ አለች። በ2008 በወጣው «ዎል-ኢ» ፊልም መጨረሻ ላይ አምፖሏ ሲቃጠል የፊልሙ ትንሽ ሮቦት መጥቶ ይቀይርላታል። በ2014 የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ሉክሶ ጁኒየርን» በብሔራዊ የፊልም መዝገብ አሰፈረው። ካሊፎርኒያ ኤመሪቪል በሚገኘው የኩባንያው ቅጥር ግቢም የመብራቷና የኳሷ ግዙፍ ሐውልት ቆሟል።

ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ላሴተር ከሠራበት ኮምፒውተር እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አኒሜሽን መጀመር የሚፈልግ ወጣት መሣሪያ አነሰኝ ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። አጠገቡ ካለው ዕቃ አንዱን ያንሣ፤ ይህ ዕቃ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል፣ ሲሳካለትስ እንዴት ይንቀሳቀሳል ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በ10 ሰከንድ ማሳየት ከቻለ ሙያውን ይዞታል።