የዘይት ለውጥ የደከመ ካምቢዮን ያድናልን?

አንድ ነጋዴ ማለዳ ወደ ሱቁ ለመሄድ ሞተሩን አስነሥቶ ማርሹን «ዲ» ላይ ባደረገ ጊዜ አውቶሞቢሉ ወዲያው አይነሣለትም። ዳገት ላይ በደረሰ ጊዜም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። ጭንቀቱን ለወዳጆቹ ቢያወራ አንደኛው «የካምቢዮውን ዘይት ለውጠው፤ ይድናል» ሲለው፣ ሁለተኛው ደግሞ «ያረጀ ካምቢዮ ዘይቱ ከተነካ አይከርምም» ይለዋል። በሁለቱም ምክር ውስጥ እውነት አለ። ዳሩ ግን አስቀድሞ ዘይቱን ሳይመረምር አንዱን የተከተለ ሰው ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ ያሠጋዋል።

ነገሩ ለነጋዴ ቀላል አይደለም። አውቶሞቢል የሥራ መሣሪያ ስለ ሆነ በቆመ ጊዜ ዕቃ ይዘገያል፤ ደንበኛም ይቀየማል። ይልቁንም የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን አውቶሞቢል ጠብቆ መያዝ ከፊተኛው ጊዜ ይልቅ ተፈላጊ ሆኗል።

በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ዋና ሥራው ጥርሶቹን ማለስለስ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ሥራው ብዙ ነው፤ ይኸውም የሞተሩን ኀይል በቶርክ ኮንቨርተር በኩል ያስተላልፋል፤ በግፊቱ የፍሪሲዮን ዲስኮችን አጣብቆ ማርሽ ያስገባል፤ ያለሰልሳል፤ ሙቀትንም ይወስዳል። ስለዚህ ዘይቱ ያነሰ ወይም የተበላሸ እንደ ሆነ ዲስኮቹ በደንብ ሳይጣበቁ ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተቱ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም ዘይቱን ይበልጥ ያበላሸዋል። ከአዋሽ ሸለቆ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ጭኖ የሚወጣ አውቶሞቢል ይህን ሙቀት አብዝቶ ይቀበላል።

የዚህ ዘይት ቅመም እንደ ማናቸውም ዘይት አይደለም። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ1939 ለኦልድስሞቢል አውቶሞቢሎች ካቀረበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 «ታይፕ ኤ» የተባለውን የዘይት ደረጃ አወጣ፤ ዴክስሮን የተባለው ደረጃ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ዲስኮቹ በልክ እንዲይዙ ሲባል በቀድሞው ዘመን ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ይጨመርበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ አሜሪካ ዓሣ ነባሪን ለመጠበቅ ባወጣችው ሕግ ምክንያት ይህ ሲቀር፣ ፋብሪካዎች ምትኩን ለማግኘት ብዙ ደከሙ። የቅመም ለውጥ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ የተገኘውን ዘይት ሁሉ መጨመር ምን ያህል ስሕተት እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ነው። በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አውቶሞቢሉን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ማርሹን በየቦታው አሳልፎ ወደ «ፒ» በመመለስ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መሳብ። ዘንግ የሌላቸው አዳዲሶቹ ግን ዘይታቸው በተወሰነ ሙቀት መለካት ስላለበት ወደ ጋራዥ መሄድ ይገባቸዋል። ከዚያም አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ ማየት ነው።

ዘይቱ ቀይና ጥርት ያለ፣ ነገር ግን ያነሰ ከሆነ፣ የሚፈስበትን ፈልጎ ማስደፈንና መሙላት ይበቃ ይሆናል። ቡናማ ሆኖ የመቃጠል ሽታ የሌለው እንደ ሆነ አርጅቷልና መለወጥ ይጠቅመዋል። እንደ ወተት ነጣ ያለ ሮዝ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ መቀደድ ስለ ሆነ፣ እርሱ ሳይጠገን ዘይት መለወጥ ከንቱ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ግን ዲስኮቹ ተበልተዋል፤ አዲስ ዘይት የተበላውን ዲስክ መልሶ አይተክልም።

«ዘይቱ ሲለወጥ ሞተ» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ብዙ ሰው ዘይት የሚለውጠው ካምቢዮው ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ስለ ሆነ፣ በሽተኛ በሞተበት ዋዜማ የጠጣው መድኃኒት እንደሚወቀስ ሁሉ ዘይቱም ይወቀሳል። ከዲስኮቹ የተፋቀው ትቢያ በአሮጌው ዘይት ውስጥ ሆኖ መያዣ ይሰጥ ነበር የሚሉ መካኒኮችም አሉ። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ገላውን አልቆ በትቢያው የሚሄድ ካምቢዮ ዕድሜው አጭር ነው።

መለወጥ የሚገባው ሆኖ ሲገኝ፣ አስቀድሞ በኮምፒውተር ቢመረመር መልካም ነው፤ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላልና። የታችኛው ሳህን ሲወርድ በማግኔቱ ላይ ያለ ደቃቅ ግራጫ ትቢያ የተለመደ ነው፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ስባሪ ግን መፈታት እንዳለበት ያመለክታል። ማጣሪያውንም ማየት ይገባል። ብዙው ዘይት በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ስለሚቀር በአንድ ጊዜ የሚወርደው ከሢሶው እስከ እኩሌታው ገደማ ነው። ስለዚህ የወረደውን ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ፣ ጥቂት ከነዱ በኋላም መድገም ይሻላል። በደከመ ካምቢዮ ላይ በመኪና ግፊት ማጠብ አይመከርም።

ዘይት ሻጮችም ድርሻ አላቸው። ለአንዱ ካምቢዮ የተሠራ ዘይት ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ይልቁንም ሲቪቲ የተባለው ካምቢዮ የራሱን ዘይት ይፈልጋል። የአውቶሞቢሉን ዐይነትና የተሠራበትን ዓመት ጠይቆ፣ የታሸገውን የሚሸጥ ባለሱቅ ዛሬ አንድ ጠርሙስ ቢቀርበት ደንበኛውን አያጣም። ያገለገለ አውቶሞቢል ገዢም በአሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ደማቅ ቀይ ዘይት ባየ ጊዜ ወዲያው አይደሰት፤ መቼና ስለምን እንደ ተለወጠ ይጠይቅ፤ ሞቆ ሳለም ዳገት ላይ ይሞክረው።

ለዚያ ማለዳ ለተጨነቀው ነጋዴ እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፤ ዘይቱ ካረጀ ይለውጠው፤ ከተቃጠለ ግን የዘይቱን ገንዘብ ለጥገናው ያስቀምጠው። ካምቢዮው ገና ጤነኛ የሆነለት ሰው ደግሞ ፋብሪካው በወሰነው ጊዜ ይለውጥ፤ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና።