አምፑን ሳይሸጡ ድምፁን መቀየር

ድሬዳዋ ላይ በየሰርጉ የሚጫወት ጊታሪስት ድምፁ አልጥም ሲለው መጀመሪያ ጊታሩን ይወቅሳል፣ ቀጥሎ ፔዳል ይገዛል። መፍትሔው ግን ብዙ ጊዜ ከኋላው ባስቀመጠው አምፕሊፋየር ውስጥ ነው።

ከተማዋ የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን መፍለቂያ ናት። በ2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራም ገና በልጅነቱ የተቀላቀለው ይህንኑ ቡድን ነው፤ ኡድም ጊታርም ይጫወት ነበር። ኡድ የለመደ ጣት ኤሌክትሪክ ጊታር ሲይዝ ከአምፑ የሚፈልገው የሮክ ተጫዋች ከሚፈልገው ይለያል። እያንዳንዷ ምት ለብቻዋ መሰማት አለባት። ጌይኑ ከበዛ ምቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ጩኸት ይሆንና የጣቱ ጥበብ ይዋጣል።

ስለዚህ ከማዞሪያዎቹ እንጀምር። ባስ፣ ሚድና ትሬብል ድምፅ የሚጨምሩ ይመስላሉ፤ በአብዛኞቹ የቲዩብ አምፖች ግን ሥራቸው መቀነስ ብቻ ነው። ሦስቱም ማዞሪያዎች ባሏቸው የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፌንደር አምፖች ሁሉንም ዜሮ ላይ ብታደርጓቸው፣ ቮሊዩሙ ቢከፈትም ድምፅ አይወጣም ማለት ይቻላል። ደግሞም እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፤ ትሬብሉን ስትጨምሩ የሚዱ ጉልበት ይቀንሳል። ለዚህ ነው የሌላ ሰውን የማዞሪያ ቁጥር መገልበጥ የማይሠራው።

ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትለማመዱ ሚዱን ዘግቶ ባስና ትሬብል መክፈት ያምራል። ባንዱ ሲገባ ግን ታችኛውን ቤዝ ጊታሩና ድራሙ፣ ላይኛውን ሲምባሉ ይወስዱታል፤ ለጊታሩ ቦታ አይተርፈውም። የጊታር ቤቱ ሚድ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ሚዱን ከፍቼ ባሱን ከታች አስነሣለሁ።

ማዞሪያው ያላስተካከለውን ቲዩብ ያስተካክለዋል። አምፑን ከጀርባ ስታዩ የሚግሉ ትንንሽ የመስታወት ጠርሙሶች ካሉ ቲዩቦቹ እነሱ ናቸው፤ ከሌሉ አምፑ የትራንዚስተር ስለሆነ ይህ አይመለከተውም። ውስጣቸው የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ፕሌት ይስበዋል፣ መሀል ያለችው ግሪድ ደግሞ ከጊታሩ በምትቀበለው ደካማ ሲግናል ያንን ፍሰት ትቆጣጠራለች። ትንሹ ሲግናል የሚጎለብተው በዚህ ነው።

በጊታር አምፕ ፕሪአምፕ (የመጀመሪያው ማጉያ ክፍል) ውስጥ በብዛት የሚገኘው 12ኤኤክስ7 ነው፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሉታል። የማጉላት አቅሙ 100 ተብሎ ይመዘገባል። 5751 የሚባለው 70፣ 12ኤቲ7 60፣ 12ኤዋይ7 45 ገደማ፣ 12ኤዩ7 ደግሞ 20 እንኳ አይሞላም። ሁሉም ዘጠኝ እግር ስላላቸው አንዱ በሌላው ሶኬት ይገባል። ስፒከሩን ከሚነዱት የኃይል ቲዩቦች በተለየ እነዚህን ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ባያስ (ቲዩቡ ያለ ሲግናል የሚያሳልፈውን ፍሰት) ማስተካከል አያስፈልግም።

ለውጡ ጎልቶ የሚሰማው ጊታሩ ከሚሰካበት ጃክ አጠገብ ባለችው የመጀመሪያዋ ቲዩብ ላይ ነው፤ እዚያ የሆነውን ተከታዮቹ ሁሉ ያጎሉታልና። በእሷ ቦታ 5751 ስታስገቡ ድምፁ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ የጌይን ማዞሪያውም እንደ ልብ ይታዘዛል። 12ኤዩ7 ግን ለእኔ ሕይወት ያጣ ድምፅ ነው።

አምፑን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ቲዩቡ እስኪቀዘቅዝ ታገሡ። የብረት ክዳን ካለው ገፋ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ቲዩቡን ቀጥ አድርጋችሁ በቀስታ እያወዛወዛችሁ ሳቡ። ሻሲውን ግን አትክፈቱ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዙ ይችላሉ። አዲሱን ካስገባችሁ በኋላ አምፑን አብርታችሁ ቲዩቡን በእርሳስ ጀርባ መታ መታ አድርጉት፤ በስፒከሩ ጎልቶ የሚያስተጋባ ከሆነ ለመጀመሪያው ሶኬት አይሆንም።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው አምፕ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር የእኛ 220 ላይ እንዳትሰኩት።