«ደግመን ሞከርነው፣ አልሠራም» ሲባል

የብልሃርዚያ ትል ሰው ገላ ውስጥ የሚገባው መጀመሪያ በቀንድ አውጣ ውስጥ ከተራባ በኋላ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ልብስ አጣቢውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ የሚዋኘው ልጅም ለዚህ ትል የተጋለጡ ናቸው። ቀንድ አውጣው ከሞተ የትሉ መንገድ ይቋረጣል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል የከተማዋ ወንዞች እንዶድ ሲጨመርባቸው፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ካሉት ልጆች በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ።

በእንዶድ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ግን ለዓመታት አልበረደም። «መርዛማነቱ በሚገባ ተመርምሯል ወይ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። «ጥናቱ የተሠራው አፍሪካ ውስጥ ነው» የሚለው ግን ስለ ተመራማሪው አድራሻ እንጂ ስለ እንዶድ የሚነግረን የለም።

ሌላው ጥያቄ የመድገም ነው፦ ሙከራ ተደግሞ ሲከሽፍ ባለቤቱ «እኛ እንዳደረግነው አላደረጋችሁም» ይላል። በ1989 ኬሚስቶቹ ፖንስና ፍላይሽማን ዩታ፣ አሜሪካ ውስጥ የኑክሌር ውህደትን በብልቃጥ አስገኘን ባሉ ጊዜም ብዙ ቤተ ሙከራዎች ደግመው አጡት፤ መልሱ «ፓላዲየማችሁ ጥሩ አይደለም»፣ «ቶሎ ተዋችሁት» ሆነ። ማንም ወስዶ ሁልጊዜ የሚሳካለት አሠራር ግን እስከ ዛሬ አልቀረበም።

የእንዶድም ነገር ላይ ላዩን ሲታይ ሰበብ ይመስላል፦ ፍሬው በውሃ ሲወቀጥ ይገድላል፤ በሜታኖል ሲወጣ ኃይል የለውም። ይህ ምክንያት ግን የሚፈተን ነበር፤ ተፈተነም። ገዳዩ ንጥረ ነገር፣ ሳፖኒን፣ በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም። ፍሬው በውሃ ሲደቅ የራሱ ኢንዛይም ከሌላ ሳፖኒን ላይ ስኳር ቆርጦ ይሠራዋል፤ ሜታኖል ኢንዛይሙን ያስቆመዋል። ዘሩም ለውጥ ያመጣል፤ ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች የለዩት ዓይነት 44 በብርታቱ ይታወቃል። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት፣ ዓለም ስለ ዩታው ብልቃጥ በሚከራከርበት በዚያው 1989 ነበር።

ታዲያ የዓድዋው ውጤት ለጣና ይሆናል? እንዲሁ አይገለበጥም። ዓድዋ ላይ ውሃው በጠባብ መውረጃ ይፈሳል፤ የጣናን ዳርቻ ማዕበል ይመታዋል፣ እንዶዱንም ይበትነዋል። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ብርብራ ዓሣ ላይ የሚያደርገውን ያየ የጣና ሰው ይህ አይጠፋውም። እዚህ ልሞክር የሚል እንዶድ ያልነካውን ተመሳሳይ ዳርቻ ጎን ለጎን ይዞ፣ ከሞተው ቀንድ አውጣ ጋር የሞተውንም ዓሣ መቁጠር አለበት።