«የበረሃ ምንጭ»፣ «የምግብ ድር»፣ «መጤ ዝርያ»፦ ስለ ስያሜዎቹ አመራረጥ

የሥነ ሕይወት ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የሚቸገርባቸው አንዳንድ ስያሜዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ፤ ይኸውም በደረቅ ምድር የሚፈልቅ ምንጭ ውሃው ሲሳብና እንግዳ ዝርያ ሲገባበት በነዋሪ ፍጥረታቱ ላይ የሚደርሰው ነው።

በመጀመሪያ «በረሃ»። ለሊበንና ለቡሬ ገበሬ በረሃ ማለት እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ቆላማና ሞቃት ስፍራ ነው፤ ዛፍም ወንዝም አያጣም። ዝናብ አልባውን ምድር «ምድረ በዳ» ማለቱ ይሻላል።

በአሜሪካ ኔቫዳ ምድረ በዳ «የዲያብሎስ ጉድጓድ» በሚባለው ምንጭ፣ በተፈጥሮ ሌላ መኖሪያ የሌለው ትንሽ ዓሣ አለ። በዋነኛነት የሚመገበውና ዕንቁላሉን የሚጥለው ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ባለ የድንጋይ ደፍ ላይ ነው፤ ብርሃን አግኝቶ አልጌ የሚበቅለው በዚያ ነውና። ለእርሻ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሳብ ደፉ መራቆት ጀመረ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሳሳቡ እንዲገደብ ወሰነ። በአቅራቢያው ባሉ ምንጮች ደግሞ ከሌላ ስፍራ የመጡ ዓሦች የአገሬውን ዓሣ ይበላሉ።

ይህን ዝምድና «የምግብ ሰንሰለት» ማለት አይበቃም። ሰንሰለት በአንድ መስመር ይሄዳል፤ አልጌውን ግን ቀንድ አውጣም፣ እጭም፣ ዓሣም ይበሉታል። «መረብ» የሚሉ አሉ፤ መረብ ማጥመጃ ነው። እኛ «ድር»ን እንመርጣለን፤ ሸረሪትንም ሸማኔንም ያስታውሳል፤ አንዱ ክር ሲበጠስ ሌላው ይላላል።

ስለ ውሃ አወሳሰድ አማርኛ ድኻ አይደለም። ውሃ በእንስራ ይቀዳል፣ ወንዝ ይጠለፋል፣ የከርሰ ምድር ውሃ በሞተር ይሳባል። ሁሉን «ማውጣት» ብሎ መጠቅለል ልዩነቱን ያጠፋል። «ምንጭ ማጎልበት» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቃል ግን ያሳስታል። ምንጩ በሲሚንቶ ታጥሮ ውሃው በቧንቧ ሲሄድ ሰው ንጹሕ ውሃ ያገኛል፤ የጎለበተው ግን አገልግሎቱ እንጂ ምንጩ አይደለም፤ ከግርጌው ያለው ረግረግ ከነፍጥረታቱ ሊደርቅ ይችላል።

ከሁሉ የከበደው «መጤ» ነው። ይህ ቃል በአገራችን ሰውን ከኖረበት ለማፈናቀል ሰበብ ሆኗል። ለሳይንሱም አይበጅም፤ የቡሬና የፍኖተ ሰላም በቆሎና በርበሬ ዘራቸው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፣ ወራሪ ያላቸው ግን የለም። ባሕር ዛፍም ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ ተሸክሞ ይኖራል። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታወቀው እምቦጭ ግን ውሃውን ሸፍኖ ብርሃንና አየር ስለሚከለክል፣ ከሥሩ ያለውን የምግብ ድር ያናጋል። እንግዲህ ዝርያው በመነሻው «እንግዳ»፣ በሥራው «ወራሪ» ይባል፤ በመመሪያዎች የተለመደው «መጤ ወራሪ»ም «እንግዳ ወራሪ» በሚለው ይተካ።