በሐረር ስለ ፈረንሳይኛ ትምህርትና ስለ ኃላፊ ጊዜ አመራረጥ

ፈረንሳይኛ ወደ ሐረር ከገባባቸው መንገዶች አንዱ የካፑቺን ሚሲዮን ነው። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ግዛት ሥር ከዋለች በኋላ አገረ ገዥው ራስ መኰንን ልጃቸው ተፈሪ ይህን ቋንቋ እንዲማሩ አደረጉ፤ መምህሮቻቸውም ከጓደሎፕ የመጡት ሐኪም ዶክተር ቪታሊየንና አባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን ነበሩ። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የቋንቋው ጥቅም በአካባቢው ይበልጥ ታወቀ።

ዐማርኛ ተናጋሪ የሆነውን ተማሪ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ የኃላፊ ጊዜ አመራረጥ ነው። በፈረንሳይኛ ፓሴ ኮምፖዜ፣ ፓሴ ሳምፕል፣ አምፓርፌ፣ ፕሉስ ክ ፓርፌ የሚባሉ አራት ዋና ዋና ኃላፊ ጊዜያት አሉ። በዐማርኛም «ገባ»፣ «ገብቷል»፣ «ይገባ ነበር»፣ «ገብቶ ነበር» ይባላል። ቁጥራቸው ስለ ተካከለ ተማሪው አንዱን በአንዱ መተካት የሚበቃ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

«ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ነጋዴው በሸዋ በር ገባ» ቢባል፣ ፍጻሜው ያልተነገረው ዝናብ በአምፓርፌ ይነገራል። «ገባ» ግን በንግግርና በደብዳቤ ፓሴ ኮምፖዜ፣ በታሪክ ድርሰት ፓሴ ሳምፕል ይሆናል። «ገብቷል» የሚለው ውጤቱ እስከ አሁን ስለሚታይ ፓሴ ኮምፖዜን እንጂ ፓሴ ሳምፕልን አይቀበልም። የዘመኑ ርዝመትም ብቻውን መለያ አይሆንም፤ «ሠላሳ ዓመት ኖረ» የሚለው ዘመኑ ተቈጥሮ ስለ ተዘጋ አምፓርፌ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ቦዝ አንቀጽ ከ«ነበር» ጋራ ሲገጥም ነው። «በልቶ ነበር» ያለ ጥርጥር ፕሉስ ክ ፓርፌ ነው። ነገር ግን ተኛ፣ ተቀመጠ፣ ቆመ፣ ለበሰ የሚሉት ግሦች ወደ አንድ ሁኔታ መግባትን ስለሚያመለክቱ፣ «ተኝቶ ነበር» ሲባል የሚነገረው ያ ሁኔታ እንደ ጸና ነው። ስለዚህ «ሌባው ሲገባ ዘበኛው ተኝቶ ነበር» የሚለው በአምፓርፌ «ኢል ዶርሜ» ይባላል። ተርጓሚው ቅርጹን ብቻ ተከትሎ «ኢል አቬ ዶርሚ» ያለ እንደ ሆነ፣ ሰሚው ዘበኛው ቀደም ብሎ እንቅልፉን እንደ ጨረሰ ይረዳል። በዳኛ ፊት ቢሆን በእንቅልፉ የተከሰሰው ሰው በአንድ ግሥ ነቅቶ ይገኛል።

መለያው የሚገኘው በመጠየቅ ነው። ዐረፍተ ነገሩ «በዚያ ጊዜ በምን ሁኔታ ላይ ነበር?» ለሚለው መልስ ከሆነ አምፓርፌ፣ «ከዚያ በፊት ምን አድርጎ ነበር?» ለሚለው ከሆነ ፕሉስ ክ ፓርፌ ይገባዋል። ይህ ጥንቃቄ ለተማሪ ብቻ ሳይሆን የሽማግሎችን ቃል ወደ ፈረንሳይኛ ለሚመልስ ተመራማሪም ያስፈልጋል። የቃል ታሪክ የሚታመነው የተፈጸመው ነገር ካልተፈጸመው፣ የቀደመውም ከተከተለው ተለይቶ ሲጻፍ ነውና።