ጠቋሚውና አመዱ

«ጠቋሚ» የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አይጥምም። ከአጠገቡ «ጆሮ ጠቢ» ቆሟል፤ በአንድ ጣት ጥቆማ ከቤቱ ወጥቶ የቀረ ሰው ታሪክ የሚያውቅ ቤተሰብም በአገራችን ብዙ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች ሆን ተብሎ ስለሚለኮስ እሳትና ስለ ቦምብ ምስጢራዊ ጥቆማ ይቀበላሉ ሲባል፣ አንባቢው ፊት የሚመጣው የእሳት ማጥፊያ መኪና ሳይሆን የሰፈር ሹክሹክታ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። በሚገባ የተያዘ የጥቆማ አሠራር የጆሮ ጠቢን ሥራ ይገለብጠዋል። ለጆሮ ጠቢ አለቃ የተነገረው ቃል የጉዳዩ መጨረሻ ነው፤ ተባለ፣ አለቀ። ለእሳት መርማሪ ግን የተነገረው ቃል የት መቆፈር እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት ብቻ ነው። የጠቋሚው ስም ሊሰወር የሚችለውም ክሱ በእሱ ቃል ላይ ስለማይቆም ነው።

መሠረታዊውን ነገር በአጭሩ፦ በትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች እሳቱን ያጠፋው ቡድን ወደ ጣቢያው ሲመለስ፣ መነሻውን የሚያጣራ «ፋየር ማርሻል» የሚባል መርማሪ እዚያው ይቀራል፤ በኒው ዮርክ ይህ ሰው መሣሪያ ይታጠቃል፣ የማሰር ሥልጣንም አለው። የእሳት ወንጀል ማስረጃውን ራሱ ይበላል። ነበልባሉ የተወውን ውኃና መጥረቢያ ያበላሹታል፣ ጣሪያው ተደርምሶ ይቀብረዋል፤ ለኳሹ ደግሞ ጭሱ ሲታይ ብዙ ጊዜ በቦታው የለም። ሰው ግን ያውቃል። በዋዜማው ሌሊት ጥሩ ጥሩው ዕቃ ሲወጣ ያየ ጎረቤት ይኖራል፤ «ነገ ባትመጣም ይሆናል» የተባለ ዘበኛ ይኖራል፤ የመድን ውሉ በቅርቡ ከፍ ማለቱን የሚያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ ይኖራል። ሁሉም ለተጠርጣሪው ቅርብ ናቸው፦ ተከራዩ፣ ተቀጣሪው፣ አማቹ። አገራችን ይህን ችግር በአፈርሳታና በአውጫጭኝ ስትታገለው ኖራለች፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» ልብ ወለድም የሚነሳው ከተቃጠለ ጎጆ ነው። አፈርሳታ ግን የአካባቢውን ሰው በሙሉ አውጥቶ ያስገድዳል። የጥቆማው ስልክ ማንንም አያስገድድም፤ የፈራው ሰው በገዛ ፈቃዱ እስኪናገር ይጠብቃል።

አንድ የተስፋፋ ስሕተት ላይ ረዘም አድርጌ መቆም እፈልጋለሁ፤ የአሠራሩ ጥበብ በሙሉ እዚያ ላይ ያርፋልና። ሰዎች ስም የለሽ ጥቆማንና ምስጢራዊ ጥቆማን አንድ አድርገው ያወራሉ። አንድ አይደሉም። ስም የለሽ ጥቆማ ማለት ተቀባዩ ራሱ የደዋዩን ማንነት የማያውቅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአልበከርኪ ከተማ የተጀመረው «ክራይም ስቶፐርስ» ይህን ለብዙዎች አስተማረ፤ ደዋዩ ስም አይጠየቅም፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወሮታም ካለ በቁጥሩ ይከፈለዋል። ምስጢራዊ ጥቆማ ደግሞ መርማሪው ስሙን አውቆ የሚይዝበት ነው። የመጀመሪያው ጠቋሚውን የበለጠ ይጠብቃል፤ ለምርመራው ግን ይደክማል፣ ደዋዩ ተመልሶ ካልደወለ የሚጠይቀው የለምና። ሁለተኛው ለምርመራው ይጠቅማል፤ ከለላው ግን ጣሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1957 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሮቪያሮ በተባለው መዝገብ መንግሥት የጠቋሚን ስም የመሰወር መብት እንዳለው ተቀብሎ፣ ያ ሰው ለተከሳሹ መከላከያ አስፈላጊ ከሆነ ግን መብቱ ይወድቃል አለ፤ ያን ጊዜ ዓቃቤ ሕግ ወይ ስሙን ያወጣል ወይ ክሱን ያጣል። ስለዚህ ለጠቋሚው «ስምህ በፍጹም አይወጣም» ብሎ የሚምል መርማሪ የማይችለውን ቃል እየገባ ነው። ጨዋው መርማሪ «የምትነግረኝን ሌላ ቦታ ፈልጌ ላግኘው፤ ካገኘሁት አንተ አታስፈልግም» ይላል። ከለላው የሚመጣው ከመሐላው ሳይሆን ከዚህ ሥራ ነው።

ሕጉም የሚመዝነው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በዚያው ፍርድ ቤት በታየው የጌትስ መዝገብ፣ ለኢሊኖይ ፖሊስ የደረሰው ማንም ያልፈረመበት ደብዳቤ ነበር፤ ሚስትየዋ መኪናውን ነድታ ፍሎሪዳ ታደርሳለች፣ ባልየው በአውሮፕላን ሄዶ ዕፅ ጭኖ ይመለሳል ይል ነበር። ፖሊስ ጉዞውን ተከታትሎ የተባለውን ስላየ የብርበራ ትእዛዙ ጸና። እ.ኤ.አ. በ2000 በጄ.ኤል. መዝገብ ግን፣ በማያሚ አንድ አውቶቡስ ፌርማታ የቆመ ባለ ካሬ መስመር ሸሚዝ ወጣት ሽጉጥ ይዟል የሚለው የስልክ ጥቆማ ብቻውን ለመፈተሽ አይበቃም ተባለ። ሸሚዙን ማንም አላፊ አግዳሚ ያየዋል፤ ሽጉጡን ጠቋሚው በምን እንዳወቀ የሚያሳይ ነገር አልነበረም። የእሳት መርማሪም ስልኩን እንዳነሳ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ አይተዋል ወይስ ሰምተዋል? ከማን? መቼ? ለጋዜጠኛ ያልተነገረ ዝርዝር፣ እሳቱ በየትኛው ክፍል እንደተነሳ ወይም ምን እንደተርከፈከፈ፣ ሆን ተብሎ ተይዞ ይቆያል፤ ያን ዝርዝር ሳይነገረው የሚያውቅ ደዋይ ከወሬ አመላላሽ ይለያል። የቃጠሎው ቦታ በራሱ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1984 በሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች መሠረት፣ መርማሪዎች እሳቱ እንደጠፋ ለተመጣጣኝ ጊዜ ቆይተው መነሻውን ማየት ይችላሉ፤ ትተው ከሄዱ በኋላ የወንጀል ማስረጃ ፍለጋ ለመመለስ ግን የዳኛ ትእዛዝ ያሻቸዋል። የተረጋገጠ ጥቆማ በዚህ ሰዓት በሩን ይከፍታል፤ በውስጥ የሚገኘውን ግን የሚናገረው አመዱ ነው፣ በንጹሕ የብረት ጣሳ ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ የቦስተኑ ሲምፎኒ ሮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያ መንገድ ቤቶች ደጋግመው ይቃጠሉ ነበር። ተከራዮቹ ተደራጅተው ባለቤቶቹን ከመክሰሳቸው በፊት ወደ መዝገብ ቤት ሄዱ፤ የቤት ሽያጩን፣ የዕዳውንና የመድኑን ወረቀት አንድ በአንድ አገጣጥመው ቤቶቹ ከመቃጠላቸው በፊት በተደጋጋሚ እጅ እንደሚለውጡ አሳዩ። በ1977 ሠላሳ ሦስት ሰዎች ተከሰሱ፤ ከመካከላቸው ባለቤቶች፣ ጠበቆች፣ የመድን ገማቾች፣ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ወገን የነበሩም ነበሩ። «እሳት አደጋው ራሱ ቢበላሽስ?» ለሚለው ተቃውሞ መልሱ ከዚህ ይጀምራል፦ ያጋጥማል፤ ስለዚህ ለጥቆማ አንድ በር ብቻ መኖር የለበትም። በካሊፎርኒያ የቤከርስፊልድ አንድ መርማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ፍሬስኖ ላይ ከተደረገው የእሳት መርማሪዎች ጉባኤ በሚወጣው መንገድ ላይ የተነሱትን እሳቶች አይቶ፣ ለኳሹ ከጉባኤተኞቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም አለ። በጊዜው አልሰሙትም፤ በእሳቱ ቦታ ወረቀት ላይ የቀረው የጣት አሻራም መጀመሪያ ሲመረመር አልገጠመም ተባለ። በ1991 እንደገና ሲታይ የግሌንዴል እሳት አደጋ መርማሪው የጆን ኦር ሆኖ ተገኘ። ያንን ሰው የጣለው የባልደረባው ጥርጣሬ ብቻ አልነበረም፤ ጥርጣሬው ሊፈተንበት የሚችል ነገር መኖሩም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ቂመኛ ሰው ይህን ስልክ መበቀያ ያደርገዋል፤ ጥቆማውም የመርማሪውን ዓይን ያስታል። እውነት ነው። «ተለኩሷል» ተብሎ የገባ መርማሪ በየጥግ ለኳሽ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1992 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የአሜሪካ የእሳት ምርመራ መመሪያ፣ 921 በሚል ቁጥር የሚታወቀው፣ መነሻው በተጨባጭ መረጃ እንዲወሰን የሚያዘው፣ አስቀድሞ ከተያዘ ግምት እንዲጠበቁ የሚያስጠነቅቀውም ለዚህ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በኮርሲካና ከተማ የሆነውን ማንም ሊረሳው አይገባም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 ቤቱ ተቃጥሎ ሦስት ሴት ልጆቹ የሞቱበት ካሜረን ቶድ ዊሊንግሃም ቤቱን ለኩሶ ልጆቹን ገድሏል ተብሎ ተፈርዶበት በየካቲት 2004 በሞት ተቀጣ። በወለሉ ላይ የታዩት ምልክቶች የተርከፈከፈ ነዳጅ ናቸው ተብሎ ነበር፤ በኋላ የመረመሩት የእሳት ሳይንቲስቶች ግን ለዚያ መሠረት አላገኙም። ሌላው ምሰሶ «ነግሮኛል» ያለ አብሮት የታሰረ ሰው ቃል ነበር፤ እሱም በኋላ ቃሉን ቀየረ። ይህ ምስጢራዊ ጥቆማ አልነበረም፤ ሰውዬው በአደባባይ መስክሯል። የጥፋቱ ምንጭም የስም መሰወር አይደለም። ሁለት ደካማ ነገሮች እርስ በርስ ተደጋገፉ፣ ቃሉ አመዱን አረጋገጠ፣ አመዱ ቃሉን አረጋገጠ ተባለ። ከፈተና በፊት ማስረጃ የሆነ ቃል ስም ኖረውም አልኖረውም አደገኛ ነው።

ቦምብ ሲመጣ ሰዓቱ ይገለበጣል። ለተቃጠለ ቤት ማጣሪያ ወራት ይኖራል፤ ለቦምብ ደቂቃ ነው ያለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው በጄ.ኤል. ውሳኔ፣ ሰው ቦምብ ይዟል ለሚል ጥቆማ የሽጉጡን ያህል ማረጋገጫ እንጠይቃለን አላለም፤ ያን በር ክፍት ተወው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሕዝቡ ይወጣል፣ ማጣራቱ ይከተላል። የአትላንታው ኦሎምፒክ ሌሊት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1996፣ ይህን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ያሳያል። በሴንቴኒያል ፓርክ የጥበቃ ሠራተኛው ሪቻርድ ጁውል ባለቤት ያጣ ቦርሳ አይቶ ለፖሊስ አመለከተ፤ ሰዉን ማራቅ የተጀመረው በእሱ ጥቆማ ነው። በዚያው ሰዓት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ላይ፣ አንድ ሰው ወደ 911 ደውሎ በፓርኩ ቦምብ እንዳለና 30 ደቂቃ እንደቀረ ተናገረ። ስልክ ተቀባይዋ ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀውን የፓርኩን አድራሻ ስትፈልግ ወደ 10 ደቂቃ ያህል ጠፋ፤ ቦምቡ 7 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ፈነዳ። ጥቆማውን የገደለው የደዋዩ ስም አለመታወቅ አልነበረም፤ የመቀበያው ቅጽ ነው። ቀጥሎ ሦስተኛው ጥቆማ መጣ፦ የጁውል የቀድሞ አሠሪ ለኤፍ.ቢ.አይ. ስለ እሱ ጥርጣሬውን ነገረ። ሊጣራ ይገባው ነበር። ሳይጣራ ግን ስሙ ለጋዜጣ አፈተለከ፤ ብዙዎችን ያዳነው ሰው እስከ ጥቅምት ድረስ በአገር ሁሉ ፊት ተጠርጣሪ ሆኖ ኖረ። ቦምቡን ያጠመደው ኤሪክ ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ጥፋቱን አመነ። ምስጢር መጠበቅ ለጠቋሚው ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ጁውልን ያስቡት፤ ጥርጣሬው ተፈትኖ እስኪያልቅ የተጠቆመውም ሰው ስም ያው ከለላ ይገባዋል።

በዚህ ስልክ የሚቀልዱትንም መውቀስ ግድ ነው። እያወቀ ስለ እሳት ወይም ስለ ፈንጂ በስልክ የሐሰት መረጃ በክፋት የሚያስተላልፍ ሰው በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ከቅጣቱ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ቡድኑ ባዶ ሕንፃ ሲፈትሽ እውነተኛው ጥሪ የሚጠብቀው ደቂቃ ነው። እየነደደ ላለ እሳትም የጥቆማ ስልክ አይደወልም፤ ለዚያ በአሜሪካ 911፣ በአዲስ አበባ 939 አለ። አገራችንም በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 699 ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ ደንግጋለች፤ ቃሉ ከጆሮ ጠቢ ተለይቶ በሕግ ስም አግኝቷል። ከሐሰተኞቹ ቀጥሎ ምርመራውን የሚጎዱት ግን ቅኖቹ ናቸው፦ አንድ ጊዜ ደውለው «አውቃለሁ፣ እሱ ነው» ብለው የሚጠፉት። ስም መናገር ቀላሉ ነው፤ መርማሪው ስሙን ብዙ ጊዜ ራሱ ይገምተዋል። የሚያስፈልገው ቁጥሩን ይዞ በሳምንቱ የሚመለስ ደዋይ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ለኳሹ ጠባይ አይደለም፣ የነዳጁ ጀሪካን በየትኛው በር እንደገባ ነው።